የቀለሃ ማሳጠሪያ አተካከልና አለካክ፤ ከወሎ ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው እትማችን ከኮምቦልቻ የደረሰንን አንድ ደብዳቤ አትመን መልሱን ለዚህ እትም ቀጠሮ ይዘንለት ነበር። ደብዳቤው የተተኮሰ የጥይት ቀለሃን አፍ እየላገ በልክ ስለሚያሳጥር አነስተኛ የእጅ መሣሪያ የሚጠይቅ ነበር፤ እርሱን ተከትለውም ከደሴ፣ ከወልድያና ከወረኢሉ ሦስት ተጨማሪ ጥያቄዎች ደርሰውናል። ባዶ ቀለሃን እንደገና ሞልቶ መጠቀም እንደ አሜሪካ ባሉ አገሮች በዒላማ ተኳሾችና በአዳኞች ዘንድ የተለመደ ሥራ ሲሆን፣ በአገራችን ግን በሕግ የተገደበ ነገር በመሆኑ ይህንኑ ለወረኢሉው ጠያቂያችን በሰጠነው መልስ ለይተን አንሥተነዋል። የመሣሪያው አተካከልና አለካክ በቶርኖ፣ ማለትም ሥራውን እያዞረ በሚቆርጥ ማሽን፣ እና በሞርሳ ለሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያገለግል ቁም ነገር ስላለው የመጀመሪያውን ጥያቄ በሰፊው ተመልክተነዋል።

ጥያቄ፤ ከኮምቦልቻ፣ የቶርኖ ባለሙያ

ታላቅ ወንድሜ በአሜሪካ አገር የሚኖር ሲሆን በዕረፍት ቀኑ የዒላማ ተኩስ ይለማመዳል፤ 308 ዊንቸስተር የተባለውን የጠመንጃ ጥይት ቀለሃዎችም እየሰበሰበ ራሱ ይሞላል። በቅርቡ በእጅ የሚዞር የቀለሃ ማሳጠሪያ ገዝቶ በጋራዡ ውስጥ ባለው ጠረጴዛ ላይ በእንጨት ብሎን አስሮታል። ይሁን እንጂ መሣሪያው አንድ ዓይነት ልክ አልሰጠው ብሎ፣ በአንዱና በሌላው ቀለሃ መካከል እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ልዩነት ያገኛል። እርሱ ጋራዡ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ነው ሲል፣ እኔ ደግሞ በስልክ ቪዲዮ ሲያሳየኝ የመሣሪያው መቀመጫ ሲወዛወዝ ስላየሁ ጥፋቱ የአተካከሉ ነው ብዬዋለሁ። ከሁለታችን ማን ትክክል ነው? የብረት መደብ ሠርቼ ብልክለትስ ይረዳዋል? እግረ መንገዴንም፣ ይህን ሁሉ ትቶ ቀለሃውን በተራ ቶርኖ ላይ ቢያሳጥረው ምን ይጎዳዋል የሚለውን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ

ወንድማችን፣ በዚህ ሙግት ሚዛኑ ወደ እርስዎ ያደላል። ቀለሃ የሚሠራበት ነሐስ 70 እጅ መዳብና 30 እጅ ዚንክ ሲሆን፣ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሴልሲየስ በጨመረ ቁጥር የርዝመቱን አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ሃያ እጥፍ ያህል ይለጠጣል። የ308 ቀለሃ ርዝመት 51 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጋራዡ በ10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ቀለሃው የሚያጥረው በ0.01 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም አብዛኛው ካሊፐር፣ ማለትም በመንጋጋው ነክሶ ርዝመት የሚለካው መሣሪያ፣ በእርግጠኝነት ሊለየው የማይችለው መጠን ነው። ወንድምዎ የሚያገኙት የ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከሙቀት የመጣ ነው ለማለት ጋራዡ በ200 ዲግሪ ያህል መለዋወጥ ነበረበት።

መሣሪያው እንዲያው ሲታይ ቁመቱ ከክንድ ያጠረ ቶርኖ ነው፤ የሚለየው በቶርኖ ላይ ሥራው ሲዞር መቁረጫው የሚቆም መሆኑ፣ በዚህ ግን ቀለሃው ቆሞ መቁረጫው መዞሩ ነው። በአንድ ጫፉ የቀለሃውን ግርጌ ጠርዝ አንቆ የሚይዝ መያዣ አለው፤ በሌላው ጫፍ በሁለት ማቀፊያዎች ውስጥ የሚዞርና ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ዘንግ ተቀምጧል። በዘንጉ ራስ ላይ መቁረጫው፣ በመቁረጫውም መካከል ወደ ቀለሃው አንገት ገብቶ የሚመራ ቀጭን መሪ ዘንግ ይገኛል። በዘንጉ ላይ ደግሞ በብሎን የሚጠብቅ የማቆሚያ ቀለበት ስላለ፣ መቁረጫው እየገፋ ሄዶ ቀለበቱ ከማቀፊያው ጋር ሲጋጠም መቁረጡ ያበቃል። እንግዲህ የቀለሃው ርዝመት የሚወሰነው ከመያዣው እስከዚህ ቀለበት ባለው ርቀት ነውና፣ መቀመጫው በተወዛወዘ ወይም በተጣመመ መጠን ይኸው ርቀትና የዘንጉ አቅጣጫ አብረው ይለዋወጣሉ። ማዞሪያው እጀታ ከዘንጉ መካከል ርቆ ስለሚገኝ እጅ በዞረ ቁጥር መሣሪያውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዘዋል፤ የእንጨት ብሎንም በዚህ ዓይነቱ መወዛወዝ ቀዳዳውን እያሰፋ ይላላል እንጂ ይዞ አይቆይም።

ስለዚህ ተከላው እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ከ20 ሚሊ ሜትር የማያንስ ውፍረት ያለው፣ በሚገባ የደረቀና ፊቱ የተላገ ጣውላ ይዘጋጅ፤ እኛ ዘንድ ቢሆን ዋንዛ እንመርጥ ነበር፣ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመም ለዚህ ሥራ አይመከርም። ወፍራም ኮምፔንሳቶ ካለም ከማንኛውም ጣውላ በተሻለ ሁኔታ ቀጥ ብሎ ይቆያል። መሣሪያው በጣውላው ላይ ተቀምጦ ቀዳዳዎቹ በእርሳስ ይነጠቡ፤ ከዚያም በትራፓኖ ተበስተው ጣውላውን ዘልቀው በሚያልፉ ቡሎኖች፣ ከላይ ሰፊ ሮንዴላ ከታች ደግሞ ዳዶ ተደርጎላቸው ይታሰሩ። ዳዶዎቹ ከጣውላው በታች ጎልተው ከቀሩ ጣውላው ጠረጴዛው ላይ ስለማይተኛ፣ ከስር ሰፋ ያለ ጉድጓድ ተፈልፍሎላቸው ወደ ውስጥ መግባት አለባቸው። ጣውላው በበኩሉ ለሁለት ክላምፕ ማሰሪያ የሚበቃ ትርፍ ቦታ በግራና በቀኝ ሊኖረው ይገባል፤ ወይም ከስሩ አንድ አውራ ጣት ተኩል ያህል ወፍራም ዘንግ እንጨት ተቸንክሮለት እርሱ በሞርሳ ቢነከስ መሣሪያው ሥራ ሲያልቅ ተነሥቶ ሊቀመጥ ይችላል። በጠረጴዛው አቀማመጥም ረገድ ማዞሪያው እጀታ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጥቶ መንጠልጠል አለበት፤ አለዚያ በዞረ ቁጥር የጣት አንጓ ከጠረጴዛው ይላተማል፣ ሰውም ጣቱን ሲጠብቅ አገፋፉ ይዛባል።

ብዙዎች ሳያስተውሉ የሚያልፉት ነገር ግን የመቀመጫው መጣመም ነው። መሣሪያው ያረፈበት ጣውላ ወይም ብረት ፍጹም ልሙጥ ካልሆነ፣ አራቱ ቡሎኖች በሙሉ ኃይል ሲጠብቁ ከብረት ቅይጥ የተጣለውን መቀመጫ ስለሚያጣምሙት ሁለቱ የዘንግ ማቀፊያዎች በአንድ መስመር መሆናቸው ይቀራል። መመርመሪያው ቀላል ነው። ቡሎኖቹ ከመጥበቃቸው በፊት ዘንጉ በአንድ ጣት ግፊት ሲዞር የሚሰጠው ስሜት ይታወስ፤ ከዚያም ቡሎኖቹ በሰያፍ፣ ማለትም አንዱ ከጠበቀ በኋላ ከእርሱ ትይዩ ያለው እየተከተለ፣ በትንሽ በትንሹ ይጥበቁ። በዚህ መካከል ዘንጉ መክበድ ወይም በአንድ በኩል መያዝ ከጀመረ፣ የመጨረሻው ቡሎን ተላልቶ ከስሩ በተገኘው ክፍተት ስስ ላሜራ ወይም የታጠፈ ወረቀት ይግባበት። ዘንጉ ቡሎኖቹ ከጠበቁ በኋላም እንደ ቀድሞው ቀልሎ ሲዞር ተከላው አለቀ ማለት ነው። ቡሎኑን እስኪንጫጫ ማጥበቅም ጥሩ አይደለም፤ የመቀመጫው ጆሮ ሊሰነጠቅ ይችላልና።

የብረት መደብ ልላክለት ወይ ላሉት፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ከበቂ በላይ ነው፤ ነገር ግን አደራ፣ በመደቡ ላይ ምንም ነገር በብየዳ አያያይዙ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ስለሚስበው ልሙጥ የነበረው መደብ ጎብጦ ይቀርና ያው የመጣመም ችግር በሌላ በር ይመለሳል፤ ቀዳዳዎቹን በስተው በቡሎን ማያያዝ ይበቃል። ሆኖም የመላኪያው ዋጋ ከመደቡ ዋጋ እንደሚበልጥ እንገምታለንና፣ እርስዎ ንድፉን ልከውላቸው ጣውላውን እዚያው ቢያዘጋጁ የሚሻል ይመስለናል።

አተካከሉ ከተስተካከለ በኋላም ልዩነቱ ካልጠፋ ወንድምዎ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ። የመጀመሪያው በመያዣው ውስጥ የሚቀር የነሐስ ብናኝ ነው፤ ከግርጌው ስር የገባች አንዲት ስስ ፍቅፋቂ ቀለሃውን ወደፊት ስለምትገፋው መቁረጫው ከልክ በላይ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቀለሃ በኋላ በብሩሽ መጥረግ ነው። ሁለተኛው የእጅ ግፊት ሲሆን፣ እጀታው እንደ ሥጋ መፍጫ በጉልበት መገፋት የለበትም፤ ቀለበቱ ከማቀፊያው ጋር ከተጋጠመ በኋላ መቁረጫው ምንም ሳይፍቅ ቀልሎ እስኪዞር ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ በለስላሳ እጅ መድገም ያስፈልጋል። ሦስተኛው ልኬቱ ራሱ ነው። መቁረጫው በቀለሃው አፍ በውስጥም በውጭም ስል ጠርዝ ትቶ ስለሚሄድ፣ ይህ ጠርዝ ከመጽዳቱ በፊት የተለካ ቀለሃ ከእውነተኛው ርዝመቱ በላይ ያሳያል። እንደ እኛ ግምት ከወንድምዎ ልዩነት አንዱ ክፍል በቀጥታ ከዚህ የመጣ ነው።

ስለ ተራው ቶርኖ፦ ይቻላል፣ ነገር ግን የባለሙያ እጅ ይጠይቃል። የቶርኖው መያዣ የሆነው ባለ ሦስት ጥርስ ማንድሪኖ ስስ የሆነውን የቀለሃ ገላ ጨምቆ ከክብነቱ ስለሚያወጣው፣ ቀለሃው መያዝ ያለበት በወፍራሙ ግርጌው ላይ ዙሪያውን እኩል በሚያቅፍ መያዣ ነው፤ አንገቱም ከውስጥ በመሪ ዘንግ ካልተደገፈ የመቁረጫው ጫፍ ይዞት ይቀደዳል። እርስዎ ይህን ያለ ችግር እንደሚያዘጋጁት እናውቃለን፤ ለወንድምዎ ግን የገዙት መሣሪያ ይበቃቸዋል።

ጥያቄ፤ ከደሴ፣ የቴክኒክ ትምህርት አስተማሪ

የኮምቦልቻውን ወንድማችንን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ከተማሪዎቼ ጋር ተወያይተንበት ነበር። አንድ ብረት ከተሠራ በኋላ እንዴት ራሱ ሊረዝም ይችላል? ለምንስ ማሳጠር ያስፈልጋል? ልኩ የሚታወቀውስ እንዴት ነው? በኢንችና በሚሊ ሜትር መካከል ያለው መመላለስም አስቸግሮናል።

መልስ

ጥይት ሲተኮስ በቀለሃው ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ነሐሱን ወደ ጎን እየነፋ ከጠመንጃው የጥይት መጉረሻ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። ቀለሃው እንደገና እንዲያገለግል በማጥበቢያ ቅርጽ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ቀድሞ ውፍረቱ ሲመለስ፣ የተጨመቀው ነሐስ መሄጃ ስለሚያጣ ወደፊት፣ ወደ አንገቱ ይፈስሳል። ቀለሃ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ይህም ትከሻና አንገት ባላቸው የጠመንጃ ቀለሃዎች ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ቀጥ ባሉ የሽጉጥ ቀለሃዎች ላይ ግን እምብዛም አይታይም። ከዚህ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል መለካትም ሆነ ማሳጠር ከማጥበቢያው በኋላ እንጂ በፊት አለመሆኑ ነው፤ ቀድሞ የተቆረጠ ቀለሃ በማጥበቢያው ውስጥ ሲያልፍ ዳግመኛ ይረዝማልና።

ከልክ በላይ የረዘመ ቀለሃ አደገኛ ነው። የጥይት መጉረሻው ከፊት ለፊቱ ጠበብ ወዳለው የአፈሙዝ መግቢያ ስለሚያመራ፣ የረዘመው አንገት እዚያ ውስጥ ተወትፎ ተወርውሮ በሚወጣው አረር ላይ ይጨመቃል፤ አረሩ በሚተኮስበት ጊዜ በነፃነት ሊለቀቅ ባለመቻሉም ግፊቱ ከታሰበለት በላይ ይወጣል። በአሜሪካ ልኮቹን የሚያወጣው በ1926 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጥይትና የጦር መሣሪያ አምራቾች ተቋም ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ የጥይት ዓይነት ቀለሃው ሊያልፈው የማይገባ የመጨረሻ ርዝመት ይደነግጋል። ለ308 ዊንቸስተር ይህ ርዝመት 2.015 ኢንች ነው፤ 1 ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 51.18 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአሞላል መመሪያዎች ግን ቀለሃው ለሚቀጥሉት ተኩሶች ጥቂት የመርዘሚያ ቦታ እንዲኖረው ከዚህ 0.010 ኢንች ዝቅ ተደርጎ፣ ማለትም በ2.005 ኢንች ወይም በ50.93 ሚሊ ሜትር እንዲቆረጥ ይመክራሉ። 223 ሬሚንግተን በተባለው ሌላ የጠመንጃ ጥይትም የመጨረሻው ልክ 44.70፣ የመቁረጫው ደግሞ 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የኮምቦልቻው ጠያቂያችን ወንድም የሚያገኙት የ0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይህን ክፍተት ሙሉ ለሙሉ ማለት ይቻላል ይበላዋል። ለተማሪዎችዎ የልኬት ፈቀቅታ፣ ማለትም ልኩ ሊዛነፍ የሚፈቀድለት መጠን፣ ምን ማለት እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

መሣሪያውን በልኩ ለማቆም ሁለት መንገድ አለ። ቀደም ሲል በትክክል የተቆረጠ ቀለሃ ካለ፣ እርሱን በመያዣው አስገብቶ መቁረጫውን ከአፉ ጋር በጥቂቱ ማገናኘትና የማቆሚያ ቀለበቱን በዚያው ማጥበቅ ነው። ከሌለ ደግሞ ቀለበቱ ሆን ተብሎ ረዘም ባለ ልክ ይታሰራል፤ ቀለሃው ይቆረጣል፣ አፉ በውስጥና በውጭ ይጸዳል፣ በካሊፐር ይለካል፣ ከዚያም በማስተካከያው ብሎን ጥቂት ወደፊት እየተሄደ ልኩ እስኪደርስ ይደገማል። ሁልጊዜ ከረጅሙ ወደ አጭሩ መሄድ እንጂ በተቃራኒው አይሆንም፤ የተቆረጠ ነሐስ አይቀጠልም። ካሊፐሩም ከእያንዳንዱ ዙር በፊት መንጋጋው ተዘግቶ ዜሮ ማሳየቱ ይረጋገጥ፤ ቀለሃውም በመንጋጋዎቹ መካከል ቀጥ ብሎ ይያዝ፣ ዘንበል ካለ ከእውነቱ በላይ ያነባልና።

መልሱ ላይ ልናክልበት የምንፈልገው አንድ ነገር፣ በኢንች የተጻፈን ልክ ወደ ሚሊ ሜትር ሲለውጡ በመካከል ቁጥሩን አያጠጋጉ፤ ማጠጋጋት የሚገባው መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። 2.005ን መጀመሪያ 2.01 ብሎ ካጠጋጉት ውጤቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በላይ ይስታል።

ጥያቄ፤ ከወልድያ፣ የእንጨት ሥራ ባለሙያ

እንዲህ ያለውን መሣሪያ በእጅ ከማዞር ይልቅ በእጅ ትራፓኖ ማዞር አይሻልም ወይ?

መልስ

ቀለሃው ብዙ ከሆነ እጅ ስለሚደክም ብዙዎች ያደርጉታል፤ አንዳንዱ መሣሪያም እጀታው ተነቅሎ በምትኩ የትራፓኖ ማያያዣ እንዲገባበት ተደርጎ የተሠራ ነው። ፍጥነቱ ግን ዝቅተኛ መሆን አለበት፤ በፍጥነት የሚዞር መቁረጫ ነሐሱን ከመላግ ይልቅ ያንቀጠቅጠውና በአፉ ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለ ገጽ ይተዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው የትራፓኖው ክብደት ነው፤ በእጅ ተይዞ ወደ ታች ሲያጋድል ዘንጉን አብሮ ስለሚጫነው ማቀፊያው ወደ አንድ ጎን ይበላል። ትራፓኖውን ከዘንጉ ጋር በእኩል ከፍታ የሚያሳርፍ ድጋፍ ከጣውላ መሥራት ለእርስዎ ቀላል ነው። በመሪው ዘንግ ላይም አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ ዘይት ካልተደረገ ነሐሱ ይጣበቅበታል። ትራፓኖው ወደ መቁረጫው አቅጣጫ ብቻ ይዙር፤ ወደኋላ ማዞር ጥርሱን ያደነዝዘዋል።

ጥያቄ፤ ከወረኢሉ፣ አንድ አባት

ልጆቼ፣ በእኛ አካባቢ ሜዳው ላይ የወደቀ ቀለሃ አይጠፋም። ልጆች ለመጫወቻ ይሰበስቡታል። አሜሪካኖቹ እንዲህ መልሰው የሚሞሉት ከሆነ የእኛስ ለምን ተጥሎ ይቀራል?

መልስ

አባታችን፣ ጥያቄዎ ሁለት መልስ አለው፤ አንዱ የሕግ፣ አንዱ የብረት። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ ጥይት መሥራት ፈቃድ ሳይኖር በቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም። በዚህ ዓምድ ስለ ባሩድ መጠንም ሆነ ስለ አሞላል አንዳች ያልጻፍነው ስለዚሁ ነው።

ከብረቱ አንጻር ሲታይ ደግሞ ሜዳው ላይ የሚያገኙት አብዛኛው የክላሽንኮቭ ቀለሃ ከነሐስ ሳይሆን ከተቀባ ብረት የተሠራ ነው። ማግኔት ቢያስጠጉበት ይያዛል። ብረት እንደ ነሐስ ተለጥጦ ወደ ልኩ የሚመለስ ባለመሆኑ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ለማጥበብ ቢሞከር ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የማሳጠሪያውንም መቁረጫ ያደነዝዛል። ሌላው እንቅፋት በግርጌው ያለው የማቀጣጠያ ዓይነት ነው። የብዙ አገር የጦር ሠራዊት ጥይት የሚጠቀመው በርዳን በተባለው አሜሪካዊ ስም የሚጠራውን ሥርዓት ሲሆን፣ በዚህ ዓይነቱ ቀለሃ ግርጌ ሁለት ትንንሽ የእሳት ቀዳዳዎች ስላሉ የተተኮሰውን ማቀጣጠያ በቀላሉ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም። አሜሪካኖቹ የሚሞሉት በመካከሉ አንድ ቀዳዳ ያለውን፣ ቦክሰር በተባለው እንግሊዛዊ መኮንን ስም የሚጠራውን ነው። የአሜሪካዊው ፈጠራ ወደ አውሮፓ፣ የእንግሊዛዊው ወደ አሜሪካ ሄዶ መቅረቱ የሚያስገርም ነው። የቦክሰር ጥይት ግን ለወሎ እንግዳ አይደለም፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመቱት የእንግሊዝ ወታደሮች ይዘውት የመጡት ስናይደር ጠመንጃ የሚጎርሰው ይህንኑ ነበር።

ልጆቹ የሚሰበስቡትን በተመለከተ፣ ባዶው ቀለሃ ራሱ የሚፈነዳ ነገር ባይሆንም ካልተተኮሰው ጋር ተደባልቆ መገኘቱ ያሰጋል። የተተኮሰ ቀለሃ በግርጌው መካከል የመርፌ ምት ጉድጓድ አለው፤ አፉም ባዶ ነው። በጫፉ አረር የተቀመጠበት ወይም በግርጌው ምት የሌለበት ከተገኘ ልጆቹ ሳይነኩት ለቀበሌው ፖሊስ እንዲነገር ያድርጉ።